ደቻቱ ባሕር አይደርስም

ያቺን ሥዕል ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በግራ በኩል ባሕር አለ። ከባሕሩ ወደ ላይ የሚወጡ ቀስቶች፣ ከዚያ ደመና፣ ከዚያ ተራራ፣ ተራራው ላይ ዝናብ፣ ከተራራው እየተጠማዘዘ የሚወርድ ሰማያዊ ወንዝ፣ ወንዙ ተመልሶ ባሕር ይገባል፣ አለቀ። የውሃ ዑደት ትባላለች። ፈተና ላይ ትመጣለች፤ ቀስቶቹን ቦታቸው ላይ ያስቀመጠ ሙሉ ማርክ ይዞ ይወጣል።

ድሬዳዋ ያደገ ልጅ ግን ወንዙን ሰማያዊ ሲቀባ ትንሽ ግር ይለዋል። የኛ ወንዝ አሸዋ ነዋ። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ከፍሏት ያልፋል፤ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። ከዓመቱ አብዛኛውን ቀን ግን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ፍየል የሚነዳበት፣ ሰው በአቋራጭ የሚሻገርበት ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ሌሎቹ የከተማዋ ወንዞችም፣ ጎሮም ያው ነው፣ ቡቱጂም ያው። እንግዳ ሰው ድልድዩ ላይ ቆሞ «ወንዙ የታለ?» ሲል «አቦ ይኸው ከሥርህ!» እንለዋለን። የቀለድንበት ይመስለዋል።

ባሕር መግባቱስ? እሱም የለም። ደቻቱ ከደንገጎ ተራሮች ወርዶ፣ ከተማዋን አቋርጦ፣ ወደ ሰሜን ወደ ሽንሌ ሜዳ ይሄድና እዚያው አሸዋ ውስጥ ይጠፋል። ካርታ ላይ የአዋሽ ተፋሰስ አካል ነው። አዋሽ ራሱ ደግሞ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል እንጂ ባሕር አያይም። ደንገጎን ተሻግሮ በሐረር በኩል የወረደው ውሃ ሌላ መንገድ ይይዛል፤ በኤረር አድርጎ ወደ ዋቢ ሸበሌ። ዋቢ ሸበሌም ሶማሊያ ድረስ ሄዶ፣ ሕንድ ውቅያኖስ አፍንጫው ሥር ደርሶ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይቀራል።

እንግዲህ አስቡት። ሚኒባሱ ደንገጎ ዳገት ጫፍ ላይ ሲደርስ ከመንገዱ ወዲህ የወደቀችውም ወዲያ የወደቀችውም የዝናብ ጠብታ በእግሯ ባሕር አትደርስም። ከተመለሰች የምትመለሰው ተንና በሰማይ ነው።

ሥዕሏ ውሸት ናት አልልም። ዓለምን በጥቅሉ ካየነው እንደዚያው ነው። ግን ቀስቶቹን ብቻ ነው የምታሳየው። ውሃው የት ቦታ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ አትነግረንም። ለኛ ደግሞ ሞት ሽረቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ድሬም ሐረርም «ዝናብ ዘንሟል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «የዘነበው የት ገባ?» የሚለው ነው። እኔ ይህን ነገር ማሰብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ጓደኞቼ ሰልችቷቸዋል፣ ስለዚህ ዛሬ እናንተ ላይ ልወጣው ነው።

በዓለም ላይ ካለው ውሃ 97 በመቶ በላዩ ጨዋማ ነው። ከቀረው ጨው አልባ ውሃ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው በረዶ ሆኖ ተቀምጧል፣ አብዛኛው አንታርክቲካ ላይ። 30 በመቶ ገደማው ከመሬት በታች ነው። የዓለም ወንዞችና ሐይቆች በሙሉ፣ አባይም አማዞንም ቪክቶሪያም ተደምረው፣ ከጨው አልባው ውሃ ግማሽ በመቶ እንኳን አይሞሉም። ጊዜው ደግሞ ከመጠኑ በላይ ይገርማል። ባሕር የገባች ጠብታ በአማካይ በሺዎች የሚቆጠር ዓመት ትቀመጣለች። ሰማይ ላይ የወጣች 9 ቀን ገደማ ብቻ። ወንዝ ውስጥ ሳምንታት። አፈር ውስጥ ሳምንታት ወይም ወራት። ከርሰ ምድር ውስጥ ከገባች ግን እንደ ዕድሏ ነው፤ በቀናት የምትወጣም አለች፣ አሥር ሺህ ዓመትና ከዚያ በላይ የምትቆይም አለች። ሰማዩና ወንዙ የኪስ ገንዘብ ነው በሉት፤ ከሥራችን ያለው የቁጠባ ደብተር ነው።

ከኪስ ገንዘቡ ልጀምር። በዚህች ቅጽበት በመላው ዓለም አየር ውስጥ ያለው ውሃ፣ ተኑም ደመናውም፣ ሁሉም በአንዴ ቢወርድ ምድርን የሚሸፍናት 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የጣት ስፋት ታክል። ድሬ ላይ አንድ ቁጡ የክረምት ዝናብ በአንድ ከሰዓት ያንን ያህል ሊጥል ይችላል። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ከየት ነው? ሰማዩ እየሞላ እየተደፋ ስለሚኖር ነው። ያልተሞላ ቀን አይደፋም።

መሙላቱ ደግሞ በነፃ የሚመስለን ከፋዩ ፀሐይ ስለሆነች ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም በ20 ሊትር ጀሪካን 50 ጀሪካን፣ ወደ ተን ለመቀየር 680 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይበላል። ቆጣሪያችሁን እዩና የስንት ወር መብራት እንደሆነ አስሉት። ፀሐይ ይህን በየቀኑ በየውቅያኖሱ ላይ ታወጣለች፤ ተኑ ቀዝቅዞ ተመልሶ ውሃ ሲሆን ያ ሙቀት ሰማይ ላይ ይለቀቃል፣ ነጎድጓዱንና ነፋሱን የሚነዳውም እሱ ነው።

የኛ ዝናብ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ በልግና ክረምት። የበልጉ እርጥበት በዋናነት በሕንድ ውቅያኖስና በአረቢያ ባሕር በኩል ነው የሚመጣው። በክረምቱ ደግሞ ከምዕራብ፣ ከኮንጎ በኩል የሚመጣው ይጨመርበታል። የኮንጎው ክፍል በጣም ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ከፊሉ ከደኑ ቅጠል የተነፈሰ ውሃ ነው። ዛፍ ከሥሩ የጠጣውን ከቅጠሉ ይለቀዋል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ሌላ አገር ይዘንባል፣ እንደገና ይተናል። መሬት ላይ ከሚወርደው ዝናብ ከግማሽ በላዩ ወንዝ ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው ወደ ሰማይ የሚመለሰው። በሌላ በኩል ደግሞ ከኛ እጅግ ርቆ ፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ፣ ኤልኒኞ የሚሉት፣ የኛ ክረምት ይሳሳል። በ2007 እና 2008 ዓ.ም. የሐረርጌ ገበሬና የሽንሌ አርብቶ አደር ያዩትን ታስታውሳላችሁ።

እርጥቡ አየር ከቆላው ተነስቶ ደንገጎን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ውሃ ይጥላል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከድሬ በቲሸርት የተሳፈረ ሰው ደንገጎ ላይ «መስኮቱን ዝጉልኝ» ይላል። ድሬ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስታገኝ ሐረር ከዚያ ይበልጣታል። ፀሐያችን ደግሞ ከሚዘንበው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ ማትነን ትችላለች፣ ማለትም ድሬ ላይ ክፍት ገንዳ ሞልታችሁ ብትተዉት ዝናቡ ይሞላዋል ብላችሁ አትጠብቁ።

በነገራችን ላይ ወንዝን የሚሞላው ዝናብ ብቻ ነው የሚለው ነገር ለረጅም ዘመን የሚታመን አልነበረም። የባሕር ውሃ በምድር ውስጥ ባለ ዋሻ ተራራ ድረስ ይወጣል የሚሉ ነበሩ፣ አየር መሬት ውስጥ ገብቶ ውሃ ይሆናል የሚሉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1674 ፒየር ፔሮ የሚባል ፈረንሳዊ የሴን ወንዝ መነሻ ላይ የሚዘንበውንና በወንዙ የሚሄደውን አስልቶ አወዳደረ። ዝናቡ የወንዙን ስድስት እጥፍ ሆነ። ዝናቡ በቂ ብቻ ሳይሆን ተረፈ ማለት ነው። እኔን የሚያስቀናኝ ግኝቱ አይደለም፤ መለካቱ ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ሐምሌ 1998ን ለአቅመ ማስታወስ የደረሰ የድሬ ሰው አይረሳውም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ስለዚያ ሌሊት የሚጻፈውን ዝርዝር የቤተሰብ ሰው ያጡ ይጻፉት፤ እኔ ስለ ውሃው ብቻ ልናገር።

ያን ጎርፍ ያመጣው በዋናነት ከላይ ደጋው ላይ የወረደው ዝናብ ነው። ከተራራው ጫፍ እስከ ከተማዋ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ። ዳገቱ ሲራቆት፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ሲሄድ፣ አፈሩ ሲታጠብ፣ ውሃው የሚያርፍበት ያጣል። ተዳፋት ላይ ያለ ሣርና አፈር ውሃውን ለጥቂት ሰዓት ቢይዘው፣ ያው ዝናብ በሁለት ቀን ተከፋፍሎ ይወርድ ነበር። የሚይዘው ከሌለ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሸለቆው ላይ ይገናኛል። ወንዙ ደርቆ መቆየቱ ደግሞ ሰውን ያዘናጋል። ደረቅ አሸዋ ዳር ቤት ይሠራል፣ ሱቅ ይከፈታል፣ ወንዝ እንደነበር ይረሳል።

ከዚያ በኋላ የወንዙ ዳር ግንብ ተሠራለት። ጥሩ ነው፣ ያስፈልጋል። ግን ግንብ ጎርፉን ከሰፈር ያርቀዋል እንጂ ውሃውን አያስቀረውም፤ እንዲያውም በፍጥነት ሸኝቶ ይልከዋል። በኔ አስተያየት ከግንቡ ይልቅ ከላይ ያለው እርከን ነው ሁለት ሥራ የሚሠራው፣ ከታች ያለውን ሰው ያድናል፣ ውሃውንም ወደ መሬት ያስገባል። እርከን ግን ሪባን አይቆረጥበትም፣ ዳገት ላይ ወጥቶ የሚያየውም የለም።

ጎርፉ ከሄደ በኋላ ደቻቱ እንደገና ደረቀ እንላለን። አልደረቀም። አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ላይኛው በኩል አንዲት ሴትዮ ስትቀዳ ቆሜ አየሁ። አሸዋውን በእጇና በጎድጓዳ ቆርቆሮ እየዛቀች ወደ ጎን ትጥላለች፣ ዳሩ ይናድባታል፣ እንደገና ትዝቃለች። ክንድ ያህል ስትወርድ የአሸዋው ቀለም ጠቆረ። ትንሽ ዝቅ ስትል ከጉድጓዱ ግድግዳ ውሃ ዙሪያውን ማልቀስ ጀመረ። የመጀመሪያው ድፍርስ ነው፤ በጣሳ ጨልፋ ደፋችው። ሁለተኛውንም ደፋችው። ሦስተኛው ሲጠራ ጀሪካኑ አፍ ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ በዚያ ውስጥ እያጠለለች ሞላችው። ስትጨርስ ጉድጓዱ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ጣለችበት። «ለፍየሎቹ ነው፣» አለችኝ፣ «ይገቡና ያበላሹታል።» ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ፣ «ለሰውም ነው።»

እንደዚያ ያለ ጥርት ያለ አሸዋ ከሞላ ጎደል ሲሦው ክፍት ቦታ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አሸዋ በቅንጣቶቹ መሀል እስከ 300 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ሁሉም ተቀድቶ አይወጣም፣ ከፊሉ ቅንጣቶቹን እንደያዘ ይቀራል። ግን ዋናው ነገር ፀሐይ አታገኘውም። ከግማሽ ሜትር በታች ያለውን ውሃ የድሬ ፀሐይ እንኳን ብዙም አትነካውም፣ ትንኝም አይፈላበትም። ኬንያ ውስጥ ኪቱዪ በሚባል አካባቢ ይህን ገብቷቸው በደረቅ ወንዞች ላይ ዝቅ ያለ ግድብ እየሠሩ ሆን ብለው አሸዋ ያስይዛሉ፤ ከአሸዋው ጋር ውሃ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ በአይሱዙና በሲኖትራክ አሸዋውን ጭነን ለግንባታ እንወስዳለን። ቤት መሠራት የለበትም አላልኩም፣ ቤት ያለ አሸዋ አይሠራም። ግን አንድ መኪና አሸዋ ሲወጣ የወጣው አሸዋ ብቻ እንዳልሆነ ከዋጋው ላይ አይታይም።

ከአሸዋው ያለፈው ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ድሬ የምትጠጣው ከዚያ ነው፣ ሳቢያን በኩል ካሉት ጥልቅ ጉድጓዶችና ከሌሎቹ። ከደለሉ በታች የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ አለ። የኖራ ድንጋዩ ባሕር ሥር የተሠራ ነው። ይህ አገር በዳይኖሰሮች ዘመን ባሕር ነበር፤ የባሕር እንስሳት ዛጎልና ጭቃ ተደራርቦ፣ ተጭኖ፣ ድንጋይ ሆነ። 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ዝናቡ አፈር ውስጥ ሲያልፍ ከሥሩና ከብስባሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ትንሽ ይኮመጥጣል፣ በጣም ትንሽ፣ ምላስ አያውቀውም። ያቺ ኮምጣጣነት ግን በረጅም ዘመን የኖራ ድንጋይን ትበላለች። ስንጥቁ ይሰፋል፣ ስንጥቁ ዋሻ ይሆናል። ከከተማው ዳር ያለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻም የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው።

የተበላው ድንጋይ የት ሄደ? ቤታችሁ ነው ያለው። የሻይ ብራዳችሁን ክዳን ክፈቱና ወደ ውስጥ እዩ። ያ ነጭ፣ የተላጠ ግድግዳ የሚመስል ቅርፊት የሟሟው ድንጋይ ነው። ውሃው ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይለቀቅና ድንጋዩ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ባለፈው ቅዳሜ የኛን ብራድ አቼቶ አፍስሼበት ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። ሽሽሽ ይላል። አረፋው በጎን እየወጣ፣ ቅርፊቱ ከታች እየተነሳ ተንሳፈፈ። እናቴ «ምን ሆነህ ነው ብራድ የምታዳምጠው?» አለችኝ። ወንዛችን ባሕር አይደርስም፣ ባሕሩ ግን ብራዳችን ውስጥ አለ ልላት ነበር፣ ተውኩት። ቁርስ አልበላችም ነበር።

ቅርፊቱ ለጤና ያን ያህል አያሰጋም፣ ማሞቂያና ቧንቧ ይደፍናል፣ ሳሙና አያስነሳም፣ ያናድዳል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ውሃ ያለፈበትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። በአሸዋና በደለል ላይ የተቀመጠ ከተማ ሽንት ቤቱን በጉድጓድ ሲያደርግ፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ከፍሳሹ የሚመጣ ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ይጠራቀምበታል። የድሬ ከርሰ ምድር ውሃ ላይ ይህ በተደጋጋሚ ተጠንቶ የታየ ነገር ነው። ናይትሬት አይሸትም፣ አያደፈርስም። በዓለም የጤና ድርጅት መለኪያ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ ዋናው ስጋት በጡጦ ለሚመገቡ ጨቅላዎች ነው፣ ደማቸው ኦክስጅን የሚሸከምበትን አቅም ይቀንሳል። ማፍላት ደግሞ አያስወግደውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ ይበልጥ ይወፍራል። አሸዋው ጀርም በማጣራት ጎበዝ ስለሆነ ሁሉንም የሚያጠራ ይመስለናል።

አሁን ዳገቱን እንውጣ።

ሐረር ለብዙ አሥርት ዓመታት የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነው። የኔ ዕድሜ ሰዎች ከድሬ ወደ ሐረር ሲሄዱ ሚኒባሱ ውስጥ ተንጠራርተው ያዩት የነበረ ሐይቅ ነው፣ ወፍ የሰፈረበት፣ ጀልባ ያለበት። በ1996 እና 97 ዓ.ም. አካባቢ ደረቀ። ሐይቅ ነበር፣ ሜዳ ሆነ፣ ከብት ተሰማራበት።

ዝናብ ጠፍቶ ነው? ብቻውን አይደለም። ሐረማያ መውጫ የሌለው ጎድጓዳ ቦታ ነው፤ በዙሪያው ካለው ዳገት የሚገባውን ተቀብሎ በትነት ይከፍላል። ከገጹ ላይ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ውሃ ይተናል። ያ ሒሳብ ለብዙ ዘመን ተመጣጥኖ ኖረ። ከዚያ ወጪው በዛ። ለከተሞች ተሳበ፤ ለሐረር፣ ለአወዳይ፣ ለሐረማያ። ዳር ዳሩን ለጫት፣ ለድንችና ለአትክልት በሞተር ተሳበ። ጫት በበጋ ነው ዋጋው የሚወጣው፣ በበጋ ለማድረስ ደግሞ ማጠጣት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ በጣም የሚሳበው ሐይቁ ምንም በማይገባለት ወቅት ነው። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፣ እኔ ግን አልወቅሰውም፤ ልጅ የሚያስተምርበት እሱ ነው። በዚያ ላይ ከተራቆተው ዳገት የሚመጣው ደለል ሐይቁን ከሥር እየሞላ አሳነሰው። ሐይቅ ሲሳሳ ደግሞ ቶሎ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ቶሎ ይተናል። የቁጠባ ደብተሩ ዜሮ የደረሰው በአንድ ሰው እጅ አይደለም፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ አወጣ።

ታዲያ ሐረር ምን አደረገች? ወደ ድሬ ወረደች። ከድሬዳዋ አካባቢ ቆላ ውስጥ፣ ሀሰሊሶና ድሬ ጃራ ከሚባሉት ቦታዎች፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ተስቦ፣ በቱቦ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ይገባል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ባቡሩ ነው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬ የቆመው ያን ተራራ መውጣት ስለከበደ ነበር፤ ከተማዋም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ባቡሩ ያልወጣውን ዳገት ውሃው ወጣው። በነፃ ግን አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳን፣ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። በተግባር ከዚያ ይበልጣል፣ ፓምፑም ቱቦውም ድርሻቸውን ይበላሉ። ከፀሐይዋ 680 ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፣ ግን ይህን ፀሐይ አትከፍልም፣ እኛ ነን። መብራት ሲሄድ ውሃም አብሮ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ሐረር ያለችው አክስቴ ጋ በፈረቃ ነው ውሃ የሚመጣው። ተራዋ የደረሰ ቀን ቤቷ ውስጥ መራመጃ የለም፤ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ድስት ሳይቀር ይሞላል። አንድ ቀን ስደውልላት «ከድሬ የላክንላችሁ ውሃ ደረሰ?» ብዬ አሾፍኩባት። «ለናንተስ ዝናቡን ማን ላከላችሁና ነው?» አለችኝ። ሙሉ በሙሉ ልክ ናት። የድሬ ጉድጓዶች ከሚሞሉበት ውሃ ብዙው የሚሰርገው ከላይ ተራራውና ተዳፋቱ ላይ ከሚወርደው ዝናብ ነው። ደጋው ላይ የወረደው በመሬት ውስጥ ወደኛ ይመጣል፣ በመብራት ወደነሱ ይመለሳል። ስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ይህን የሚያሳይ ቀስት የለም።

ጣሪያችሁንም ልጨምር፤ ምክንያቱም ስለ ማከማቸት እያወራን በጣም ቅርብ ያለውን እየዘለልነው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። መቶ ካሬ ቆርቆሮ በድሬ ዝናብ በዓመት 60 ሺህ ሊትር ይወርድበታል፣ በ20 ሊትር ጀሪካን 3 ሺህ። የሚፈሰውንና የሚረጨውን ቀንሱለት፣ አሁንም ብዙ ነው። ሮቶ ቤት ሁሉ አለ፣ ግን ሮቶው የተገናኘው ከቧንቧው ጋር እንጂ ከአሸንዳው ጋር አይደለም። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ እሱን ልቀቁት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ለልብስና ለሽንት ቤት ምንም አይወጣለትም። ለብራድም ቢሆን፤ የዝናብ ውሃ ድንጋይ አላየም፣ ቅርፊት አይሠራም።

ሐረማያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተመልሶ ውሃ ይዟል። ፎቶውን ሁላችሁም ሼር አድርጋችሁታል፣ እኔም አድርጌያለሁ። ደስ ይላል፣ ማንም ሰው ሐይቅ ሲመለስ አይከፋውም። ግን ሐይቁ ቢመለስም ጥማቱ አልተቀየረም። ከተሞቹ አድገዋል፣ ጫቱ አለ፣ ሞተሩ ረክሷል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ይለካ፣ ከተለካም ለሕዝብ ይነገር። ሐይቁ ላይ በሜትር የተሰመረ ምሰሶ፣ የየጉድጓዱ የውሃ ከፍታ ደግሞ በየወሩ። የዶላር ምንዛሪ በየጠዋቱ በስልካችን ይመጣል አይደል? የሳቢያን ጉድጓድ ካለፈው ዓመት ስንት ሜትር እንደወረደ ወይም እንደወጣ ቢመጣ ምን አለበት። ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው «አቦ ማን ያነበዋል?» አለኝ። በበጋ ማብቂያ ላይ፣ ፈረቃው ከሦስት ቀን ወደ ስምንት ቀን ሲዘል፣ እሱ ራሱ ነው ቀድሞ የሚከፍተው።